ቫይረስ ይራባል፣ ይባዛል ወይስ ያስባዛል?

ጥያቄ፦ የአጠቃላይ ሳይንስ መምህር ነኝ። ለሳይንስ ክበባችን ስለ ቫይረስ አንድ ገጽ በአማርኛ አዘጋጅቼ ነበር። «ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል» ያልኩትን ዐረፍተ ነገር አንዲት ተማሪ «ባ»ን አላልታ አነበበችውና «ምን ይበላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን መጠራጠር ጀመርኩ። «ይራባል»፣ «ይባዛል» ወይስ «ይዋለዳል» ማለት ይሻለኛል? በዚያው ገጽ «የዘረመል አገላለጽ» ብዬ የጻፍኩትስ ትክክል ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የተማሪዎ ጥያቄ ለዓመታት ሲያሳስበኝ የኖረ ጉዳይ ስለሆነ መልሴ ረዘም ቢል ይታገሡኝ።

በመጀመሪያ ልጅቷ አልተሳሳተችም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ለይቶ አያሳይም። «ገና» በዓሉ ይሁን ወይም ጊዜው አለመድረሱን የምንናገርበት፣ «አለ» መኖርን ያመልክት ወይም መናገርን፣ አንባቢ የሚለየው ከዐውዱ ነው። «ይራባል» ባው ሲላላ የ«ተራበ» ርቢ ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ የ«ተራባ»። ሁለቱ ወደ ግእዝ ሲመለሱ ምንም ዝምድና የላቸውም። የረኃቡ ግስ ርኅበ ሲሆን «ኅ»ን ከመካከሉ ይዟል፤ የመራባቱ ግስ ረብሐ ሲሆን «ሐ»ን ከመጨረሻው ይዟል፣ ፍቺውም አተረፈ፣ ተጠቀመ ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን እየጣለ ሲመጣ አንዱ ከመካከሉ ሌላው ከጫፉ ጎደለና፣ የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ጽሕፈት ላይ አንድ መልክ ይዘው ተገናኙ።

የረብሐ ልጆች ብዙ ናቸው። ጥቅም የሌለውን ነገር «ረብ የለሽ»፣ ለቁም ነገር የማይሆነውን «የማይረባ» እንላለን። ዐረቦችም ትርፍን «ሪብሕ» የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው። የከብት እርባታ ከዚህ ወጣ፤ የግስ እርባታም እንዲሁ። በቅኔ ቤት ርባ ቅምር የሚባለው ትምህርት፣ አንድ ግስ ከራሱ ሥር ብዙ መልክ እያወጣ የሚዘልቅበትን መንገድ የሚያስተምር ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ሐሳብ ይታየኛል፤ የሚራባው ነገር እሱነቱን ሳያጣ ከራሱ ያተርፋል። ላሟ ላም እንደሆነች ጥጃ ትጨምራለች። ባክቴሪያም ይራባል ብንል ያምርበታል፤ በአንጀታችን የሚኖረው ኢ. ኮላይ ሁኔታው ከተመቸው በ20 ደቂቃ ገደማ አድጎ ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ፣ በየትኛውም ቅጽበት ብናየው ደግሞ ባክቴሪያ ነው።

ቫይረስ እንዲህ አይደለም። ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶችን ያጠኑት ኤሊስና ዴልብሩክ እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳዩት፣ የቫይረሱ ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ አራት እያለ እንደማይወጣ ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ ምንም ጭማሪ አይታይም፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ቲ4 የተባለውን ቫይረስ ብንወስድ፣ ወደ ባክቴሪያው ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ሕዋሱን ሰብሮ የሚፈልግ ሰው አንድም ሙሉ ቫይረስ አያገኝም። ቅርፊቱ ውጭ ቀርቷል፤ ወደ ውስጥ የዘለቀው የዘር መልእክቱ ነው። ሕዋሱ በዚያ መልእክት መሠረት የቫይረሱን ጭንቅላት ለብቻ፣ ጅራቱን ለብቻ ይሠራል፤ ክፍሎቹ ይገጣጠማሉ፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ሕዋሱ ተቀዶ መቶና ከዚያ በላይ ቫይረሶች ይወጣሉ። ስለዚህ የገባው ቫይረስ ከራሱ አላተረፈም። ፈርሶ ጠፍቷል፤ የተሠሩት ሌሎች ናቸው፣ የሠራቸውም ሌላ ነው።

«ይዋለዳል» የሚለውን ቶሎ እንለፈው። ተዋለደ ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ ቫይረስ ወንድና ሴት የለውም።

የቀረው «ይባዛል» ነው። ሥሩ በዝኀ ነው፤ «መገናኛ ብዙኃን» ስንል ያ «ኀ» እስከ ዛሬ ይታያል። ነገር ግን እኔን ወደዚህ ቃል የሳበኝ ግእዙ ሳይሆን የትምህርት ቤታችን የማባዣ ክፍል ነው። ፎቶ ኮፒ ባልተስፋፋበት ዘመን የፈተና ወረቀት የሚወጣው ከዚያ ነበር። ጸሐፊዋ በታይፕ ስቴንስሉን ትመታለች፤ የማባዣው ሠራተኛ ያንን ስስ ወረቀት ቀለም በጠገበው ሲሊንደር ላይ ያለብሰውና እጀታውን ያዞራል፤ ወረቀቱ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ እጁም እስከ አንጓው ጥቁር ይሆናል። መሣሪያው የተሰጠው ስቴንስል የሒሳብ ፈተና ይሁን የስብሰባ ጥሪ አይጠይቅም። ሌላ ሰው ሰርጎ ገብቶ የራሱን ስቴንስል ቢያለብሰው፣ በትምህርት ቤቱ ቀለም፣ በትምህርት ቤቱ ወረቀት፣ በሠራተኛው ጉልበት የዚያን ሰው ጽሑፍ ያወጣለታል። ቫይረስ ሕዋስ ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ሰዋስዋችን ብዙ ቋንቋዎች የሌላቸውን ነገር ይሰጠናል። ማባዣ ክፍል የሚሠራው ሰው ያባዛል፤ ወረቀቱ ይባዛል፤ ወረቀቱን ይዞ የመጣው ግን «ላስባዛ መጣሁ» ነው የሚለው። «አ»ና «አስ» ሥራውን በገዛ እጅ በሚሠራና በሌላ በሚያሠራ መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ፊደል ይነግሩናል። በየጽሑፉ የምናነበው «ቫይረሱ ራሱን ያባዛል» የሚለው አነጋገር ሥራውን ለቫይረሱ ይሰጠዋል፤ ትክክለኛው «ቫይረሱ ራሱን ያስባዛል» ነው። የጉንፋን ቫይረስ ኢንፍሉዌንዛ አርኤንኤ የተባለውን የዘር መልእክቱን የሚገለብጥ ኤንዛይም (ሥራ አቀላጣፊ ፕሮቲን) ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሆኖም ፕሮቲን የሚሠራበት ራይቦዞም የለውም፤ ሙሉ ራይቦዞም የሚሠራበት መመሪያ በዘር መልእክቱ የያዘ ቫይረስም እስካሁን አልተገኘም። ስቴንስሉን ይዞ የመጣ ሰው የቀለም መቀቢያ ብሩሽ ቢጨምር ማባዣ ቤት አለው አይባልም።

ይህን አስተያየት የማይቀበሉ ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ «አራባ፣ ተራባ» እና «አባዛ፣ ተባዛ» በቅርጽ አንድ ናቸው፤ ቅርጹ ራሱ የሠሪውን ማንነት አይለይም ይላሉ። እውነት ነው። ሁለተኛ፣ ተባዛ የወረቀትና የሒሳብ ቃል ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት የኦሪት ዘፍጥረትን «ብዙ፥ ተባዙ» ይጠቅሳሉ፤ ግእዙም «ብዝኁ ወተባዝኁ» ነው፣ የተነገረውም ለሕያዋን ነው። ለዚህ ጠንካራ መልስ የለኝም። የምለው ቢኖር የቃል ለዛ በዘመን ይለወጣል፣ ዛሬ «ተባዛ» ሲባል ወደ ጆሮዬ የሚመጣው የማባዣው እጀታ ድምፅ ነው፣ «ተራባ» ሲባል ግን በረት ነው፤ ጆሮዬን አምናለሁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ «የዘረመል አገላለጽ» (በእንግሊዝኛ «ጂን ኤክስፕሬሽን») የሚለውን እንዲተዉት እለምንዎታለሁ። አነጋገር፣ አለባበስ፣ አጻጻፍ፣ አገላለጽ፤ ይህ ቅርጽ የድርጊቱን ሁኔታ እንጂ ድርጊቱን አይሰይምም። «አለባበሷ ያምራል» ስንል ለበሰች ማለታችን ሳይሆን እንዴት እንደለበሰች መናገራችን ነው። ሳይንሱ የሚናገረው ዘረመሉ ሥራ ላይ መዋሉን ስለሆነ «መገለጥ» ይበቃዋል። ሆን ብዬ በ«ጠ» ጻፍኩት። ጸ እና ጠ በአማርኛ ሲለዋወጡ ኖረዋል፤ ጸጉርም ጠጉርም እንላለን። «ገለጸ» እና «ገለጠ» ግን ከጊዜ ብዛት ሥራ ተከፋፍለዋል፤ ሐሳብ ይገለጻል፣ ገጽ ይገለጣል። በሰውነታችን ውስጥ ያለ ሕዋስ ሁሉ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ያንኑ የዘር መጽሐፍ ሙሉውን ይዟል፤ ፕሮቲን የሚያሠሩት ምዕራፎች ብቻ 20,000 ገደማ ናቸው። የቆሽት ሕዋስ የኢንሱሊንን ገጽ ገልጦ ሲያነብ፣ ቀይ የደም ሕዋስ የሚሆነው በመቅኔ ውስጥ ሆኖ የሄሞግሎቢንን ይገልጣል፤ የዓይን ሕዋስ ሁለቱንም ሳይገልጥ ይኖራል። ነገሩ ምሳሌ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ የተጻፈበት ዲኤንኤ በፕሮቲን እንክብሎች ላይ ተጠምጥሞ ስለሚቀመጥ፣ የሚነበበው ክፍል በእርግጥ መፈታትና መከፈት አለበት። «ገለጠ» ይህን ሁሉ በሦስት ፊደል ይናገራል።

ከተገለጠ በኋላ የሚሆነውን ለመሰየም ደግሞ አማርኛ ምንም ሳይለወጥ የተዘጋጀ ቃል አለው። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ፦» የሚለውን የማያውቅ የለም። ገለበጠ ሁለት ፍቺ አለው፤ አንዱ ቀዳ፣ ሌላው ላዩን ታች አደረገ። ከዲኤንኤ አርኤንኤ ሲቀዳ የሚሆነው ሁለቱም ነው። የሚቀዳው ኤንዛይም ጂ የተባለው የዲኤንኤ ፊደል ባለበት ሲ፣ ሲ ባለበት ጂ፣ ቲ ባለበት ኤ፣ ኤ ባለበት ዩ ያስገባል፤ ቅጂው የመጀመሪያው ተቃራኒ መልክ ነው። «ቅጂ» ይህን አይሸከምም፣ «ግልባጭ» ይሸከመዋል። ኤንዛይሙን «ገልባጭ» ማለትን የማይወዱ፣ ቃሉ አሸዋና ድንጋይ የሚያራግፈውን መኪና ያስታውሳል ይላሉ፤ እኔ ግን አንድ ቃል ሁለት ሥራ መያዙ ጉዳት ሆኖ አይታየኝም።

ከዚሁ ሥር የወጣ ሌላ ቃልም አለ። እ.ኤ.አ. እስከ 1970 ድረስ ብዙ ተመራማሪዎች የዘር መልእክት የሚፈስሰው ከዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በዚያ ዓመት ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው፣ አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥ የቫይረስ ኤንዛይም አገኙ፤ በ1975ም ለኖቤል ሽልማት በቁ። ኤችአይቪ የሚጠቀመው በዚህ መንገድ ነው፤ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ በሕዋሱ ዲኤንኤ መካከል ይሰካዋል። ይህን «የተገላቢጦሽ ግልበጣ» ብንለው ማንም አማርኛ ተናጋሪ ይረዳዋል፤ ውሻ ወደ ሰርዶ፣ አህያ ወደ ሊጥ ሲሄዱ የምንለው ቃል ነውና።

ከግልባጩ ፕሮቲን መሥራቱ «ትርጉም» መባሉን ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ቃሉ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣል፤ አካዳውያን አስተርጓሚን «ተርጉማኑ» ይሉት ነበር፣ አራማውያን ትርጉምን «ታርጉም»፣ ዐረቦች አስተርጓሚን «ቱርጁማን» አሉ። ገልባጭ በዚያው ቋንቋ ይቀዳል፤ ተርጓሚ ግን ቋንቋ ይለውጣል። ራይቦዞም በአራት ፊደል የተጻፈውን አሚኖ አሲድ በሚባሉ 20 የፕሮቲን መሥሪያዎች ወደሚጻፍ ቋንቋ ያሻግራል። ባለ ሦስት ፊደል ቃላቱ 64 ናቸው፤ 61ዱ አሚኖ አሲድ ይጠራሉ፣ ሦስቱ እንደ አራት ነጥባችን «እዚህ ላይ አብቃ» ይላሉ። በትርጓሜ ቤት አንድ ቃል «አንድም» እየተባለ ብዙ ፍቺ ሲሸከም፣ በሕዋስ ውስጥ ግን በተቃራኒው ብዙ ቃላት አንድ ፍቺ ይጋራሉ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በየቤቱ ስሙ የታወቀው ኮሮና ቫይረስ የሚያጠቃው በዚህ በር ነው፤ 30,000 ገደማ ፊደል ያለው አርኤንኤው ግልበጣ ሳያስፈልገው ራይቦዞም ፊት ቀርቦ ይተረጐማል።

አንድ ነገር ልጨምር። በገጽዎ ላይ ቫይረስን «ረቂቅ ተሐዋሲ» ብለውት ከሆነ ይሰርዙት። ተሐውሰ በግእዝ ተንቀሳቀሰ ነው፤ ቫይረስ በራሱ አይንቀሳቀስም። ላቲኑ መርዝ ማለት የሆነው ባዕድ ቃል፣ ለባዕድ ድምፅ በጨመርነው «ቫ» ተጽፎ ይቅር። ይህን ያህል ጥብቅ ከሆንኩ «ሕዋስ»ንም መቃወም ይገባኝ ነበር፤ ግእዙ የማየትና የመስማት ስሜትን የሚጠራበት ቃል ነው፣ «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» ስንል አሁንም ይሰማል። ግን ሰው ሁሉ ለምዶታል፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

ልምድን ካነሣሁ ዘንድ እውነቱን ልናገር። ሐኪሙም ጋዜጠኛውም ሕዝቡም «ቫይረሱ ይራባል» ይላል። ማንም አልተሳሳተም፤ ይህ ቃል ተቀባይነት አግኝቷል፣ እኔ ስለጻፍኩም አይመለስም። «ያስባዛል» የሚል ሰው ከራሴ በቀር አልሰማሁም። ስለዚህ የተማሪዎቹን ወረቀት ሲያርሙ «ይራባል» ያለውን ቀይ አያስምሩበት። ለክበቡ ገጽ ግን እንዲህ ብለው እንዲያትሙ እመክራለሁ፦ «ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይፈርሳል፤ ሕዋሱም የቫይረሱን መልእክት እየገለበጠና እየተረጐመ አዳዲስ ቫይረሶችን ያባዛለታል።» «ይራባል»ን ማስቀረት የማይሆንልዎት ከሆነ፣ አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት እንደሚያደርጉት ከ«ባ» በላይ የመጥበቂያ ነጥብ ያኑሩበት፤ ለጠየቀችው ልጅም ቫይረስ ምንም እንደማይበላ ይንገሯት።