ዲፓርትመንትሽን አትቀይሪ፤ ከሒሳቡ ግን አትሽሺ

ሰላም እህቴ። «ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ልቤ ያለው ግን ባትሪና ሶላር ሴል ላይ ነው። ወደ ማቴሪያል ሳይንስ ልቀይር ወይስ እዚሁ ሆኜ ኮርሶቼን ላስተካክል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ኬሚስትሪ ጨርሼ ነው ማስተርሴን በማቴሪያል ሳይንስ የሠራሁት።

በእኔ እምነት አትቀይሪ። የብረት ጥንካሬና ስብራት ቢሆን የሚስብሽ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂም ጅማም የማቴሪያል ኢንጂነሪንግ ትምህርት ስላለ ወደዚያ ሂጂ እልሽ ነበር። የባትሪ ነገር ግን በአብዛኛው ኬሚስትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጠው ለሊቲየም አዮን ባትሪ እንደሆነ አስታውሺ።

እኔን የጎዳኝ ከሒሳብ መሸሼ ነው። ምርጫ በተሰጠን ቁጥር ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ እወስድ ነበር፤ ጥሩ ውጤት ስለማገኝበት። ማስተርስ ስገባ መምህሩ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ክሪስታል አወቃቀር ሊያስረዳን ሰሌዳውን በቬክተር ሞላው። ከፊዚክስ የመጡት ልጆች ይጽፋሉ፣ እኔ እስክሪብቶ ይዤ አያለሁ። ያንን ክፍተት ለመሙላት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ፈጀብኝ። ስለዚህ ሊኒየር አልጀብራና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ከፊዚካል ኬሚስትሪ በፊት፣ ካልሆነም ጎን ለጎን ውሰጂ። ሶሊድ ስቴት ፊዚክስ (የጠጣር ነገሮች ፊዚክስ) እንደ ኤሌክቲቭ ካልተፈቀደልሽ መምህሩን አስፈቅደሽ ቁጭ ብለሽ አዳምጪ። ኢንኦርጋኒኩንና አናሊቲካሉን መቼም ዲፓርትመንቱ ራሱ ያስወስድሻል። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋም በትርፍ ሰዓትሽ ጀምሪ፤ የዳታ ግራፍ በእጅ መሣል ያደክማል።

ከኮርሱ ሁሉ በላይ ግን የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን አስቢበት። ራስሽ የሠራሽው፣ ራስሽ የለካሽው አንድ ነገር ይኑርሽ። እኔ ዚንክ ኦክሳይድ ነበር የሠራሁት። ዚንክ ናይትሬት ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ ስታደርጊ ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል። ታጥቢዋለሽ፣ ታደርቂዋለሽ፣ በቃ ዱቄት ነው። የኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ኤክስሬይ ከዱቄቱ በየትኛው ማዕዘን እንደሚበተን ለክቶ የክሪስታሉን ማንነት የሚለይ ምርመራ) ውጤቱ ሲመጣ ከዚንክ ኦክሳይድ የሚጠበቁት ሦስት ፒኮች (በግራፉ ላይ ጎልተው የሚወጡ ጫፎች) 31.8፣ 34.4 እና 36.3 ዲግሪ ላይ ቆመዋል። ደስ አለኝ። ግን 29.4 አካባቢ ሌላ አንድ ፒክ አለ። ሁለት ቀን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሳገላብጥ ቆይቼ ከዝቃጩ ጋር አብሮ የሚፈጠረው ጨው፣ ሶዲየም ናይትሬት፣ መሆኑ ገባኝ፤ ለካ ሁለቴ ብቻ ነበር ያጠብኩት። አምስት ጊዜ አጥቤ ደግሜ ሳስለካው ፒኩ ጠፋ። የብራግን ቀመር (የፒኩን ማዕዘን በክሪስታሉ ውስጥ ካሉ የአቶም ንብርብሮች ርቀት ጋር የሚያያይዘውን) ለፈተና ሸምድጄው ነበር፣ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

አማካሪ ስትመርጪ ታዲያ የመምህሩን ስም ብቻ አትዪ። የሚሠራበት መሣሪያ እዚያው ግቢ አለ ወይስ ናሙና ሌላ ቦታ ይላካል? ወረፋውስ ስንት ሳምንት ነው? ይህንን ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለሽ፣ ያኔ አራተኛ ዓመት ያሉትን ልጆች ጠይቂ። የእኔ ናሙና ሲላክ ወር ከምናምን ነው የፈጀው፤ የሁለተኛው ዙር ውጤት የደረሰው የመመረቂያ ሥራዬን ፈታኞች ፊት ለማቅረብ (ዲፌንስ) አራት ቀን ሲቀረኝ ነበር።