ከርዕስ የወጣው ጥያቄ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንዲት የታሪክ ተማሪ «በመካከለኛው ዘመን አየርላንድ የነበሩትን ጥቃቅን ነገሥታት ማጥናት ለእኛ ምን ይረባናል?» ብላ ጻፈችልኝ። በሁለት መስመር ልመልስላት ተቀምጬ ሳለ ከ20 ዓመት በላይ ስሸሸው የኖርኩት አንድ የፈተና ወረቀት ድቅን አለብኝ፤ ደብዳቤውም በዚሁ ረዘመ።

የመካከለኛውን ዘመን የአውሮፓ ታሪክ አስተምር ነበር። ለአየርላንድ የተመደበው አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ስለነበር ነገሩን አሳጥሬ እጨርሰዋለሁ፤ አገሪቱ «ቱዋህ» በሚባሉ ወደ 150 በሚጠጉ ትናንሽ ግዛቶች የተከፋፈለች ነበረች፤ እያንዳንዱ የራሱ ንጉሥ አለው፤ ከትንሹ በላይ ትልቁ፣ ከትልቁም በላይ የመላው አየርላንድ ንጉሥ ነኝ ባይ አለ። የበኩር ልጅ ይውረስ የሚል ደንብ ስላልነበረ በአባቱ ወገን ንጉሥ ቅድመ አያት ያለው ወንድ ሁሉ ዙፋኑን ሊሻ ይችላል፤ አካሉ የጎደለ አይነግሥምና ዘመድ የዘመዱን ዓይን ያጠፋል። ከዚያም የሌንስተሩ ንጉሥ ዲያርሚድ ማክ ሙርካዳ በ1152 የብሬፍኔውን ንጉሥ የቲርናን ኦ ሩርክን ሚስት መውሰዱን፣ በ1166 ከአገሩ ተባሮ የእንግሊዙን ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛን ደጅ መጥናቱን፣ ከእንግሊዝ የመጡት ኖርማኖችም በዚህ በር መግባታቸውን እተርካለሁ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተማሪው በሚስቲቱ ወሬ ይስቃል፤ ሰዓቱ ያልቃል።

አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን በፈተና ወረቀቱ ላይ ያልተጠየቀውን ጻፈ። «በጠለፋውና በስደቱ መካከል 14 ዓመት አለ። የሚስት ቂም ከሆነ እስከዚያ ድረስ ለምን ቆየ?» ይልና በዚያው በ1166 ዮሂ ማክ ደንሌቪ የሚባል የሰሜን ምሥራቅ ትንሽ ንጉሥ ዓይኑን መታወሩን ያነሳል። በቀይ እስክሪብቶ «ከርዕስ ውጪ» ብዬ 5 ነጥብ ቀነስኩበት። ሊያነጋግረኝ ቢሮዬ በመጣ ጊዜም ቀና ብዬ እንኳ ሳላየው «ስለ ትልልቆቹ ጻፍ፤ እነዚህ የግርጌ ማስታወሻ ናቸው» አልኩት። በሚቀጥለው ሴሚስተር የትምህርት ክፍል ቀየረ።

ልጁ ልክ ነበር። ዮሂ በ1165 በበላይ ገዡ በሙርተክ ማክ ሎክላን ላይ ሸፍቶ ይሸነፋል። ማክ ሎክላን በጊዜው ከአየርላንድ ነገሥታት ሁሉ የበረታው ነበር። የአርጊያላው ንጉሥ ዶናካ ኦ ካሮል አማላጅ ገብቶ፣ እርሱና የአርማ ከተማው ሊቀ ጳጳስ ዋስ ሆነው፣ ዮሂ የባላባቶቹን ልጆች መያዣ ሰጥቶ ወደ ግዛቱ ይመለሳል። በተከታዩ ዓመት በፋሲካ ሰሞን ማክ ሎክላን ዋስትናውን ረግጦ ዓይኑን አስጠፋው። በአየርላንድ ሕግ የእያንዳንዱ ሰው ክብር ዋጋ ተተምኖለታል፤ የዚህ ዋጋ ስምም ቃል በቃል ሲፈታ «የፊት ዋጋ» ነው። ቃል የገባበት ሰው ሲደፈር ዝም የሚል ዋስ ፊቱን ያጣል። ስለዚህ የማክ ሎክላን ወዳጅ የነበረው ኦ ካሮል ከኦ ሩርክ ጋር ሆኖ ዘመተበት፤ የገዛ ወገኖቹም ስለከዱት ያ ኃያል ንጉሥ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይዞ ተገደለ። ዲያርሚድ የተጠለለው በእርሱ ክንድ ነበር። ክንዱ ሲቆረጥ ኦ ሩርክ የ14 ዓመት ቂሙን የሚወጣበት ቀን መጣለት።

ይህን የተረዳሁት ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። የሚያናድደኝ ደግሞ ለመረዳት የአየርላንድ ሕግ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገኝም ነበር። አያቴ ለጎረቤቱ ዋስ ሆኖ ተበዳሪው ቢጠፋበት ከሁለት የእርሻ በሬዎቹ አንዱን ሸጦ ከፈለ፤ ያን ክረምት በተዋሰው በሬ አቀናጅቶ አረሰ። ሴት አያቴ ዕዳው ያንተ አይደለም ብላ ብትቆጣው «በምን ፊቴ ከሰው መሃል እቆማለሁ?» ሲላት በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ይህን የሰማ ሰው ነው ዋስ የሆነን ንጉሥ የግርጌ ማስታወሻ ያለው።

የዛሬ ወጣቶች፣ አትቀየሙኝና፣ የአንድን አገር ታሪክ በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ጨርሳችሁ ትፈርዳላችሁ። እኔም በ50 ደቂቃ ስፈርድ ኖሬያለሁና ብዙ አልወቅሳችሁም። ብዙ አንብቡ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ዓመታቱ አልገጥም ሲሏችሁ ግን መምህሩ ቢቆጣም ጥያቄውን አትጣሉ። ደግሞ የ150ውንም ነገሥታት የዘር ሐረግ እንሸምድድ እንዳትሉ፤ አብዛኞቹ ከብት ሲዘራረፉ የኖሩ ናቸው፤ ይህን ዛሬም አምናለሁ። ለጠየቀችኝ ልጅ የምላት፣ ንጉሥ ከንጉሥ ታረቀ የሚል ባነበብሽ ቁጥር ዋሱ ማን እንደነበረ ፈልጊ።

ኦ ካሮል ራሱ ብዙ አልቆየም፤ በ1168 የገዛ አገልጋዩ በመጥረቢያ መትቶ ገደለው። ያ ዝምተኛ ተማሪ ይህንንም ጽፎት ይሆናል። ሁለተኛውን ገጽ ሳልገልጥ ነበር ያረምኩት።