ያ ኮሪያዊ ልጅ ካሸነፈ በኋላስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ዩቲዩብ ላይ ፀጉሩ ዓይኑ ላይ የወረደ አንድ ኮሪያዊ ልጅ ፒያኖ ሲጫወት አየሁና ሦስት ቀን ሌላ ነገር መስማት አቃተኝ። ስሙ ዩንቻን ሊም ነው። በ18 ዓመቱ የዓለምን ትልቅ ውድድር አሸነፈ ይላሉ። ማን ነው? በዚያ ዕድሜ ካሸነፉስ ቀጥሎ ምን ይሠራል? ደግሞ ታናሽ እህቴ 9 ዓመቷ ነው፤ ፒያኖ ካልተማርኩ ብላ አስጨንቃናለች። እኔ ወንድሟ ረፍዶብሻል ልበላት ወይስ ልደግፋት?

መልስ፦ አንተ ብቻ አይደለህም፤ ያ ቪዲዮ ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። ለክላሲካል ሙዚቃ ይሄ ጉድ የሚያሰኝ ቁጥር ነው።

መጀመሪያ ልጁ ማን እንደሆነ ልንገርህ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዳቸው)። በ2004 ደቡብ ኮሪያ፣ ሲሁንግ በምትባል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ሙዚቀኞች አይደሉም። ፒያኖ የጀመረው በ7 ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ ስለ እህትህ አትጨነቅ፣ ወደ እሷ እመለሳለሁ። በ13 ዓመቱ አካባቢ ሚንሱ ሶን ከሚባለው መምህሩ ጋር ተገናኘና እስከ ዛሬ አልተለያዩም። መምህሩ ቦስተን ወደሚገኘው የኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ ሲሄድ ልጁም ተከትሎት ሄደ። በ15 ዓመቱ ኮሪያ ውስጥ የሚካሄደውን የኢሳንግ ዩን ውድድር አሸነፈ፣ ከዚያ በ2022 ፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ ላይ በአሜሪካዊው ፒያኒስት ቫን ክላይበርን ስም የተሰየመውን የፒያኖ ውድድር ወርቅ ወሰደ። በውድድሩ ታሪክ ከእሱ ያነሰ ዕድሜ ያለው አሸናፊ የለም።

አንተ ያየኸው የመጨረሻው ዙር መሆን አለበት፣ የሩሲያዊው አቀናባሪ የራክማኒኖቭ 3ኛ ኮንቼርቶ (አንድ ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ረጅም ሥራ)። ከባድ ነው ስልህ እንዲሁ ለወሬ እንዳይመስልህ፤ ራክማኒኖቭ ሥራውን ያበረከተለት ጆሴፍ ሆፍማን፣ በዘመኑ አሉ ከሚባሉት ፒያኒስቶች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ አንድም ቀን በሕዝብ ፊት አልተጫወተውም። ሊም ግን ሲጨርስ የኦርኬስትራዋ መሪ ማሪን ኦልሶፕ ዓይኗን ስትጠርግ ታያለህ። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ከዚያ በፊት በግማሽ ፍጻሜው የተጫወታቸው የሃንጋሪያዊው አቀናባሪና ፒያኒስት የሊስት 12 ኤቱዶች (የአጨዋወት ችሎታን ለመለማመድ የተጻፉ ሥራዎች) ይበልጣሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳሉ፤ አብዛኛው ፒያኒስት ከመካከላቸው ሁለት ሦስቱን መርጦ ነው የሚጫወተው። በውድድር ላይ አስራ ሁለቱንም መደርደር ወይ እብደት ነው ወይ ድፍረት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። ሽልማቱ 100,000 ዶላር ነበር፤ ዋናው ነገር ግን ገንዘቡ አይደለም። አሸናፊው ለሦስት ዓመት ኮንሰርት የሚይዝለትና ሥራውን የሚመራለት ቡድን ያገኛል። ይሄ በረከትም ጣጣም ነው። ትናንት ተማሪ የነበረ ልጅ በአንድ ጊዜ ከአገር አገር እየዞረ በየሳምንቱ መድረክ ላይ ይቆማል፣ ሰውም የሚፈልገው ያንኑ ያሸነፈበትን ሥራ ነው። ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ማየት ከፈለግህ ውድድሩ የተሰየመለትን ሰው ተመልከት። ቫን ክላይበርን በ1958፣ በ23 ዓመቱ፣ ሞስኮ ላይ የቻይኮቭስኪን ውድድር አሸንፎ ኒው ዮርክ ላይ የጀግና አቀባበል ተደረገለት። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ያንኑ የቻይኮቭስኪና የራክማኒኖቭ ኮንቼርቶ ደጋግሞ ሲጠይቀው ኖረ፤ በ1978 መድረኩን ትቶ ለዓመታት ጠፋ። ጣሊያናዊው ማውሪዚዮ ፖሊኒ ግን በ1960 በፖላንዳዊው አቀናባሪ በቾፒን ስም የተሰየመውን ውድድር በ18 ዓመቱ ካሸነፈ በኋላ ወዲያው ሩጫ ውስጥ አልገባም፤ ራቅ ብሎ ተማረ፣ የሚጫወታቸውንም ሥራዎች አሰፋ። ከዚያ ወዲያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተጫውቷል።

ሊም ወደ ፖሊኒ መንገድ ያዘነበለ ይመስለኛል። ካሸነፈ በኋላ ትምህርቱን አላቋረጠም። በ2023 ዴካ ለሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ፈረመ፣ በቀጣዩ ዓመት የቾፒንን ኤቱዶች አሳተመና በዚያው ዓመት ግራሞፎን የተባለው የክላሲካል ሙዚቃ መጽሔት ከሚሰጣቸው ሽልማቶች ሁለቱን ወሰደ። ከቾፒን ኦፐስ 25 (ኦፐስ የአቀናባሪ ሥራ መለያ ቁጥር ነው) ሰባተኛውን ኤቱድ ሲያጠና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባሮች (ኖታ የሚከፋፈልባቸውን ትንንሽ ክፍሎች) ብቻ ለሰባት ሰዓት ያህል እንደሠራባቸው ተናግሯል። ቁራጩን ክፈተውና ስማው፦ ግራ እጅ ብቻውን ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ፣ ምንም የሚደብቀው አጃቢ የለም። አንዱን ድምፅ ከሚቀጥለው ጋር ማያያዝ ነው ሥራው ሁሉ። በፍጥነት አጣድፎ ማምለጥ አይቻልም። ደግሞ ይሄ ኑሮ ሰውነትን አይምርም፤ በ2024 እጁን አሞት የተወሰኑ ኮንሰርቶችን ለመሰረዝ ተገዷል። ልክ አደረገ ባይ ነኝ። በህመም ላይ ተጫውቶ እጁን ያበላሸ ፒያኒስት ስንቱ ነው።

እህትህ? አልረፈደባትም። በ9 ዓመት መጀመር የተለመደ ነው። ዩንቻን ሊምን ትሆናለች ብዬ ግን አልሸነግልህም፣ እንደዚያ የሚሆነው ከሚሊዮን አንዱ ነው። ይልቅ ጥሩ መምህር ፈልጉላት። ጥሩ መምህር ስልህ ሲጫወት የሚያስደንቀውን ሳይሆን ልጅ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ስትጨናነቅ ቶሎ አይቶ የሚያስቆማትን ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት በየቀኑ ትለማመድ፤ እሁድ ብቻ ለአራት ሰዓታት ፒያኖውን መደብደብ ምንም አይጠቅምም። ደግሞ የውድድር ቪዲዮ ብቻ እያሳየህ አታስፈራራት።

ጥያቄ፦ እነዚህ ሰዎች ያን ሁሉ ኖታ ሳያዩ እንዴት ያስታውሱታል? ግዴታ ነው እንዴ?

መልስ፦ ግዴታ ሳይሆን ልማድ ነው፤ ልማዱን ያስፋፉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን እነ ሊስትና ጀርመናዊቷ ፒያኒስት ክላራ ሹማን ናቸው። ጣት ብቻውን ሲያስታውስ አትመነው፤ መድረክ ላይ ድንጋጤ ሲመጣ ቀድሞ የሚከዳው እሱ ነው። ስለዚህ ብልሆቹ ፒያኖው ሳይኖር ኖታውን በአእምሯቸው ያነቡታል፣ ከመሃል ከየትኛውም ቦታ ተነስተውም ይሞክሩታል። ታላቁን የሶቪየት ፒያኒስት ሪችተርን የሚያህል ሰው በስተእርጅናው ኖታውን ፊት ለፊቱ ዘርግቶ ይጫወት ነበር፣ ማንም ምንም አላለውም።