«ስኬጁሌ ላይ ሻይ አስቀመጡበት»

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የተማርኩት ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ነው። ከተመረቅኩ አራት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ሳይት ላይ ሠራሁ። ከዚያ «ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ ነሽ» ተብዬ ወደ ፕላኒንግ ተዛወርኩ፤ ይኸው ሦስት ዓመቴ። አሁን ያለሁት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ የሕንፃ ሳይት ላይ ነው። የምኖረው እዚያው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው።

ችግሬ ምን መሰለዎት? የምሠራውን ስኬጁል፣ የግንባታውን የጊዜ ዕቅድ ማለቴ ነው፣ የሚያየው ሰው የለም። ፕሪማቬራ በሚባለው የዕቅድ ሶፍትዌር ላይ አምሽቼ፣ በትልልቅ ወረቀት አሳትሜ፣ የቆርቆሮው ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስገባ አንዱ ገጽ ተገንጥሎ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፏል። የሻይ ብርጭቆ ክብ ክብ አትሞበታል። ጥጉ ላይ የፓስቲ ዘይት አለ። ፎርማናችን አዩኝና «አይ ኢንጅነር፣ ቀለሙ እኮ ያምራል!» አሉኝ። አብሬ ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ማናጀሩ የሚፈልገኝ ወር ሲደርስ ብቻ ነው። ሪፖርት ሊላክ ሲል «ባሩን ከሠራነው ጋር አስተካክዪው» ይለኛል። ባር የምንለው ስኬጁሉ ላይ እያንዳንዱ ሥራ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ የሚያሳየውን ባለቀለም መስመር ነው። መዘግየታችን እንዳይታይ ማለቱ ነው።

አብረውኝ ተመርቀው ሳይት ከቀሩት አንዱ ኦፊስ ኢንጅነር ሆኗል፣ ሌላው የራሱን ፕሮጀክት ይመራል። እኔ ባር እቀባለሁ። ወደ ሳይት ልመለስ? ፒኤምፒ የሚባለውን የፕሮጀክት አመራር የብቃት ማረጋገጫ ልውሰድ? ወንድሜ ደግሞ ዱባይ ነይ ይለኛል። ግራ ገብቶኛል።

ባር ቀቢዋ፣ ከቱሉ ዲምቱ

*

ባር ቀቢዋ እህቴ፣

ፊርማሽ አሳቀኝ። ደብዳቤሽን ግን ሁለቴ አነበብኩት።

ከሻዩ ልጀምር። ፎርማኑ ንቀውሽ አይመስለኝም። ወረቀቱ ለሳቸው አልተጻፈማ! ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ቀኑ የፈረንጅ። አንቺ «19 ጁላይ» ብለሽ የጻፍሽውን እሳቸው የሚያውቁት ሐምሌ 12 ብለው ነው። ከስንት መቶ መስመር መሐል የሦስተኛ ፎቅ ስላባቸው (የኮንክሪት ወለላቸው) የቱ ጋ እንዳለ በምን ያግኙት? ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀጥሉትን ሦስት ሳምንታት ብቻ በአንድ ኤ4 ወረቀት አውጪላቸው። በአማርኛ፣ በእኛ ቀን። ስንት ፌራዮ (ብረት አሳሪ)፣ ስንት አናጢ እንደሚያስፈልግ፣ ብረቱና ሲሚንቶው መቼ መግባት እንዳለበት ይኑርበት። ከማውጣትሽ በፊት ግን ጠይቂያቸው።

እኔ ሳልጠይቅ የቀረሁበትን ልንገርሽ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ስላብ መስቀል ሳምንት ላይ እንዲሞላ አቀድኩ። መስከረም 17ን በዓል ብዬ አንድ ቀን ዘጋሁ። ሶፍትዌሩ እሺ አለኝ። ከአናጢዎቻችን አብዛኞቹ ግን ጉራጌዎች ነበሩ። ለመስቀል አገሩ የገባ ሰው ደግሞ በማግስቱ አይመለስም። ኮንክሪቱ የሚሞላበት ፎርምወርክ ግማሹ ታስሮ፣ ግማሹ ሰማይ እያየ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆመ። ፎርማኑ «ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እናንተ ሰፈር ደግሞ አፈሩ ጥቁር ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የመሠረት ቁፋሮ ሐምሌ ላይ ያስቀመጠ ፕላነር ካለ አንድ ቀን ገልባጭ መኪና ላይ ሾፌሩ ጎን ይቀመጥ። ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲሽከረከር መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር ይማራል።

ክሪቲካል ፓዝ፣ ቢዘገዩ ጠቅላላ ፕሮጀክቱን የሚያዘገዩትን ሥራዎች የሚለየው ስሌት፣ ራሱ ግድግዳ ለማስጌጥ አልመጣም እኮ። ስሌቱ በፈረንጅ በ1950ዎቹ መጨረሻ ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኬሚካል ኩባንያ ውስጥ የተወለደ ነው። ፋብሪካ ለጥገና ሲዘጋ ቶሎ ለመክፈት ተጠቀሙበት። የቱ ሥራ ቢዘገይ ፋብሪካው ራሱ ይዘገያል? ጥያቄያቸው ይኼው ነበር። ይህን ጥያቄ ደግሞ ፎርማንሽም ይጠይቃሉ፤ በሌላ ቃል ነው እንጂ።

አሁን ወደ ከባዱ። «ባሩን አስተካክዪው» መባሉ ውሸት ብቻ አይደለም፣ ድርጅቱን ራሱን ገንዘብ ያስከፍለዋል። ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ፌዴሬሽን ያወጣውን የግንባታ ውል ናሙና፣ የ1999ኙን ቀይ መጽሐፍ ውሰጂ (ዓመቱ በፈረንጅ ነው)። ተቋራጩ ጊዜ ይጨመርልኝ ለማለት፣ የዘገየበትን ምክንያት ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ አንስቶ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቂያ መስጠት አለበት። ካለፈው፣ ጊዜም ተጨማሪ ክፍያም የለም። የእናንተ ውል ምን እንደሚል አውጥተሽ እዪው። ደግሞ በየወሩ «አልዘገየንም» ሲል የከረመ ድርጅት መጨረሻ ላይ «ዲዛይን ዘግይቶብን ነው» ቢል፣ ግንባታውን የሚቆጣጠረው ኮንሰልታንት ድርጅቱ ራሱ የላከውን ሪፖርት አውጥቶ ያሳየዋል። ከዚያ የሚቀረው የመዘግየት ቅጣት ነው። ለማናጀሩ ይህን ንገሪው። አትስበኪው፣ በብር አስልተሽ አሳዪው። ቤዝላይኑን፣ መጀመሪያ የጸደቀውን ዕቅድ፣ አትንኪ። የየወሩን አፕዴት በየወሩ ስም ለብቻው አስቀምጪ። አልሰማም ካለሽ፣ ማሳሰብሽ በኢሜይል ይቀመጥ።

ዕድገትሽም ያለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። መዘግየትን ከነምክንያቱና ከነደብዳቤው ማስረዳት የሚችል ፕላነር ወደ ክሌም (የተጨማሪ ጊዜና ክፍያ ጥያቄ) እና ውል አስተዳደር ይሻገራል፤ ከዚያም የፕሮጀክት ቁጥጥር ኃላፊ ይሆናል። የጓደኞችሽ ነገርም እውነት ነው። እኛ ጋ ወደ ማናጀርነት በሳይት በኩል ይቀርባል። ዓይንሽ ማናጀርነት ላይ ከሆነ ለአንድ ዓመት ተመለሺ፣ አታፍሪ። ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። «አምሽቼ» አልሽ እንጂ «ሰለቸኝ» አላልሽም።

ፒኤምፒ ጥሩ ነው፤ አሁን ግን አትቸኩዪ። ዲግሪ ላለው ሰው 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና 35 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ክፍያው በዶላር ነው። «ባር ቀባሁ» ተብሎ የሚሞላ ፎርም አይደለም።

ወንድምሽም ትንሽ ይታገስ። ዱባይ ፕሪማቬራ የሚችል ሰው ከየአገሩ ሞልቷል። አንድ ሕንፃ ከቁፋሮ እስከ ርክክብ ተከታትለሽ፣ የት ጋ ለምን እንደዘገየ ከነሰነዱ ማስረዳት ስትችዪ ሂጂ።

እስከዚያው፣ የፊታችን ቅዳሜ ሻዩን አንቺ ግዢና ፎርማኑ አጠገብ ተቀመጪ። መጀመሪያ የመስቀሉን ጠይቂያቸው። ስንት አናጢ ይሄድባቸዋል? መቼስ ይመለሳሉ?