ዳኛ ምን አግብቶት ሕግ ይሽራል? እና ሌሎች የሕገ መንግሥት ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ መብት ብዙ ጠይቃችኋል። ተራ በተራ እንሂድ። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ማንም ያልመረጣቸው ዳኞች የተመረጠ ፓርላማ ያወጣውን ሕግ ምን አግብቷቸው ይሽራሉ?

መልስ፦ በየአገሩ የሚያጨቃጭቅ ነገር ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1803 በማርበሪና ማዲሰን ጉዳይ «ሥልጣኑ የእኔ ነው» ያለው ሕገ መንግሥቱ ይህን በግልጽ ሳይጽፍ ነው። የብሪታንያ ዳኞች የፓርላማን አዋጅ መሻር አይችሉም። ኢትዮጵያ ደግሞ ሕገ መንግሥት የመተርጎሙን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥታለች። እኔ ለዳኞቹ አደላለሁ። እስረኛና ስደተኛ በምርጫ ካርድ መብታቸውን አያስከብሩም።

ጥያቄ፦ ሕዝቡ የሞት ቅጣት ይኑር ካለስ?

መልስ፦ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ1995 ይኸው ገጥሞታል። አብዛኛው ሕዝብ ቅጣቱን ይደግፍ ይሆናል፤ የሕዝብ ስሜት ግን ብቻውን አይወስንም ብሎ ሻረው።

ጥያቄ፦ መብት ሁሉ ገደብ አለው ይሉናል። ታዲያ ምኑን መብት ሆነ?

መልስ፦ ሁሉም አይገደብም። ማሰቃየት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ቢሆን አይፈቀድም። የሚገደቡት ላይ ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ የመንግሥት ነው። አንድ ሰልፍ ላይ መስኮት ተሰበረ እንበል። ከንቲባው ተነስቶ ዓመቱን ሙሉ ሰልፍ ከለከለ። ዳኛው ይጠይቃል። ለመከልከል የሚያስችል ሕግ አለ? ዓላማው ምንድን ነው? ክልከላው ዓላማውን ያሳካል? ቀለል ያለ መንገድስ አልነበረም? የሰልፉን መስመር መቀየር፣ ፖሊስ መጨመር፣ ድንጋይ የወረወረውን ለይቶ መያዝ? ብዙ ክልከላ የሚወድቀው እዚችው የመጨረሻዋ ላይ ነው። «ለጸጥታ ሲባል» ብቻ ብሎ የሚመጣ ባለሥልጣን ገና መልስ አልሰጠም። ፈተናው የተመጣጣኝነት መርህ ይባላል፤ ከጀርመን ተነስቶ ብዙ አገር ገብቷል።

ጥያቄ፦ አንድ ማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፌን አጠፋብኝ። ሕገ መንግሥት ጠቅሼ ልክሰስ?

መልስ፦ እንደ አገሩ ነው። በአሜሪካ የመናገር ነፃነት የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ ኩባንያን በዚያ መክሰስ አያዋጣም። የደቡብ አፍሪካው ሕገ መንግሥት ግን እንደ መብቱ ዓይነት ግለሰብንና ድርጅትንም ሊያስገድድ ይችላል። ለማንኛውም «እስማማለሁ» ብለህ የተጫንከውን ውል አንብበው። ማንም አያነበውም፣ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያለው ፓርላማ የፈለገውን አንቀጽ መቀየር ይችላል?

መልስ፦ ጀርመን ውስጥ አይችልም። የሰው ልጅ ክብር የሰፈረበት መርህ በየትኛውም ድምፅ አይነካም። ሕንድ ውስጥ ጽሑፉ እንዲህ አይልም። ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ፓርላማው የሕገ መንግሥቱን መሠረታዊ መዋቅር ማፍረስ አይችልም ብሎ ወሰነ። ያውም ለጥቂት፣ 7 ለ6።