መጀመሪያ መስኮቱን ፈልጉ፦ የአጭር ፊልም ጥያቄና መልስ

በስልክና በተውሶ ካሜራ አጭር ፊልም የምትሠሩ ብዙዎች ስለ ቀረጻ፣ ስለ ላይትና ስለ ኤዲቲንግ ጠይቃችሁኛል። የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ስቀርፅ የተዋናይዋ ፊት ይጨልማል፣ ግድግዳው ግን ቦግ ይላል። ላይት ልግዛ?

አትግዛ። መጀመሪያ የጣሪያውን አምፖል አጥፋ። ከአናት ስለሚመጣ ዓይኗ ላይ ጥላ ይጥላል። ከዚያ ልጅቷን መስኮት አጠገብ አስቀምጣት፤ ብርሃኑ ከጎን ይምታት። ፀሐዩ በቀጥታ ከገባ መስኮቱ ላይ ነጠላ ስቀል፤ ወዲያው ይለሰልሳል። በጨለመው ጉንጯ በኩል ነጭ ካርቶን ያዝላት። ከግድግዳውም ሁለት ሜትር ያህል አርቃት።

ስልኩ ነጭ ግድግዳ ሲያይ ክፍሉ በጣም የደመቀ ስለሚመስለው ምስሉን ያጨልማል። ፊቷን ስክሪኑ ላይ ተጭነህ ቆይና ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ቆልፈው። የእኛን ጠይም ፊት የሚያሳምረው ከጎን የሚመጣ ሰፊ ብርሃን ነው፤ ቆዳው ላይ ወዝ ሆኖ ይታያል።

አንድ ነገር ሞክር። ጀበናውን በመስኮቱና በካሜራው መሃል አድርገው፣ ከኋላው ብርሃኑን የማይከልል ጠቆር ያለ ነገር ይኑር። ፊት ለፊት ብርሃን ሲመታው የማይታየው እንፋሎት ክር ክር እያለ ሲወጣ ታያለህ። ለዚህ አንድ ብር አላወጣህም።

ጥያቄ፦ ማታ ስቀርፅ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይሄዳሉ። ስልኬ ተበላሽቶ ነው?

ስልክሽ ደህና ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ስትቀርጪ ሹተሩ፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ ከዚህ ጋር አይገጥምም። ፍሬሙን 25፣ ሹተሩን 1/50 ሰከንድ አድርጊው። አሁንም ካልጠፋ አምፖሉን ቀይሪ።

ጥያቄ፦ ውጭ ለመቅረፅ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ከረፋዱ 3 ሰዓት በፊት፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን የሰው ዓይን ጉድጓድ ይመስላል። የግድ ከሆነ ጥላ ሥር ግቡ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቁልቁል ነው የምትጠልቀው፤ ያ ወርቃማ ብርሃን ቶሎ ያልፋል። ልምምዱን ቀድማችሁ ጨርሱና ብርሃኑን ጠብቁት።

ጥያቄ፦ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ክርንህን ከጎንህ አጣብቅ፣ ግድግዳ ተደገፍ፣ ዙም አታድርግ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ቀርጬ ነበር፤ ኤዲት ሳደርገው ይሰለቻል።

የተናገረውን ሰው ሁሉ እያሳየህ ይሆናላ! እናትየው «አባትህ ደውሎ ነበር» ስትል ልጁ ላይ ቆይ። እንጀራ የቆረሰ እጁ አፉ ሳይደርስ ቀጥ ሲል እንየው። ታሪኩ ያለው የሚሰማው ሰው ፊት ላይ ነው። የቀጣዩን ሾት (ቁራጭ ቀረጻ) ድምፅ ደግሞ ከምስሉ ግማሽ ሰከንድ አስቀድመው፤ ቆረጣው አይታወቅም።

ስትቀርፅም በሁለቱ መሃል መስመር እንዳለ አስብና ካሜራህን ከአንድ ወገን አታሻግር። በመጀመሪያ ሥራዬ መስመሩን አልፌ ሁለቱም ወንድማማቾች ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ሆኑ። ኤዲቲንግ አላዳነውም፤ ትዕይንቱን እንደገና ቀረፅነው።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብ አስተባብራለሁ። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ድምፁን ይውጥብናል። ምን እናድርግ?

መምህር፣ ዝናቡን ከድምፁ ለይቶ ማውጣት በጣም ከባድ ነው። ምስሉን ይቅረፁና ዝናቡ ሲያባራ እዚያው ክፍል ውስጥ ልጆቹ ንግግራቸውን ይድገሙት። ሁለተኛ ስልክ ከአፋቸው አንድ ስንዝር ርቆ ይቅዳ። ከዚያ ሁሉም ዝም ብለው የክፍሉን ጸጥታ 30 ሰከንድ ይቅዱ። በኤዲቲንግ ጊዜ በንግግሮቹ መሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላልዎት እሱ ነው።