ስኳርና አንጀት ይገናኛሉ ወይ ላልሽው፦ የገብስ አገር እናት መልስ

እህቴ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅሽ ዓይነት አንድ ስኳር እንዳለበት፣ ሆዱ እየተነፋ ተቅማጥ እንደሚመላለስበት፣ በልቶ እንኳ ስኳሩ እንደሚወርድበት ጽፈሽ «ይገናኛሉ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ጃርዲያ ነው፣ ብርድ ነው፣ ጦስኝ አፍይለት ብለውሻል። እኔም እንደ ልጅሽ ዓይነት አንድ ስኳር ላለባት ልጄ የጃርዲያ መድኃኒት ስገዛ ኖሬ ነው ዛሬ የምጽፍልሽ። ይገናኛሉ፤ በደንብ ይገናኛሉ።

ዓይነት አንድ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆሽት ሲያጠቃ መሆኑን ታውቂያለሽ። ያው መከላከያ በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን በሚባል ፕሮቲን ሰበብ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ሲያጠቃ ደግሞ ሴሊያክ ይባላል። ሁለቱን በሽታዎች የሚያዛምዳቸው በዘር የሚወረስ ነገር አለ። ለዚህም ነው ዓይነት አንድ ስኳር ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል አምስት ስድስቱ ሴሊያክም የሚገኝባቸው። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ሕፃናቱ ምንም ምልክት ባይኖራቸው እንኳ ስኳሩ እንደታወቀ፣ ከዚያም በ2 ዓመት ውስጥና እንደገና ከ5 ዓመት በኋላ እንዲመረመሩ ይመክራል። ለእኛ ይህን የነገረን ሰው አልነበረም።

እንግዲህ በተራ ልንገርሽ።

1. ስኳሩ የሚወርደው አንቺ ስላጠፋሽ አይደለም። ኢንሱሊኑ በሰዓቱ ሥራውን ይጀምራል፤ ምግቡ ግን በተጎዳው አንጀት በኩል ወደ ደም ቶሎ አይገባም። ስለዚህ ልጁ ጠግቦ በልቶ ይንቀጠቀጣል። ይህን ያልተረዳች አንዲት ነርስ ወረፋ በሞላው ኮሪደር ላይ «ልጅሽን እያስራብሽ ነው መርፌ የምትወጊያት?» ብላ ጮኸችብኝ። የልጄን ቅጥነት አይታ ፈረደችብኝ። እኔ ግን የመቶ ገጽ ደብተር ነበረኝ፤ ሰዓቱ፣ የስኳሩ ቁጥር፣ የተወጋችው መጠን፣ የበላችው ምግብ በአራት ዓምድ ተሰምሮ የተጻፈበት። ኋላ ላይ አንድ ረጋ ያለ ሐኪም ያን ደብተር ወደ ኋላ እያገላበጠ፣ ስኳሯ ወርዶ ተቅማጥ የተከተለባቸውን ቀናት በቀይ እስክሪብቶ አከበበ። አጠገባቸው የተጻፈው ምግብ በሶ፣ የገብስ ቂጣ፣ ቂንጬ፣ እንደገና በሶ ነበር። ደብተሩን ዛሬም አልጣልኩትም። አንቺም መጻፍ ጀምሪ፤ በቃል የነገርሽውን የሚሰማሽ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ የደብረ ብርሃን ሰዎች ነን፤ ገብስ ምግባችንም ኩራታችንም ነው። ልጄ ስኳር እንደያዛት ሲሰማ ዘመድ ሁሉ «ጤፍ ይቅርባት፣ ለስኳር ገብስ ነው» አለ። አማቴ ከገጠር በሶ አስፈጭታ በከረጢት አመጣች። ልጄን የሚጎዳት ያ በሶ ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው ይቅርባት ያለው ጤፍ ደግሞ ግሉተን የሌለበት እህል ነው። አማቴ ይህን እስከ ዛሬ አላመነችም፤ እኔም መከራከር ትቻለሁ።

2. ከምርመራው በፊት ስንዴም ገብስም እንዳታስቆሚው። ይህን ከልቤ ነው የምነግርሽ። አንድ የግል ክሊኒክ ባለሙያ «መጀመሪያ ስንዴና ገብስ አስቁሙና ካረፈች በኋላ ደሟን እናያለን» አለን። ደስ ብሎን አቆምን፣ ልጅቷም ፊቷ መለስ አለ፤ ደሟን ሰጠች፣ «ነጻ ናት» ተባለ። ነጻ ከሆነች ትብላ ተባለና ተመልሳ ታመመች። የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት በግሉተን ሰበብ የሚያወጣውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። የሚያስቆጣው ነገር ከገበታ ከተነሣ ቁጥሩ ይወርዳል፤ አንጀቱም እየዳነ ስለሚሄድ በኤንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ) ናሙና ቢወሰድ እንኳ ሊያታልል ይችላል። ሁለተኛው ሐኪም በየቀኑ፣ ከአንድ ማዕድ በላይ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ግሉተን ያለበትን እንድትበላ አዘዘ። የሚያሳምማትን እያወቅሽ በእጅሽ ማጉረስ ምን ማለት እንደሆነ አልነግርሽም። ያን ባለሙያ መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም የምለው አይመስለኝም።

ምርመራው ቲቲጂ አይጂኤ ይባላል። አብሮ ጠቅላላ አይጂኤ እንዲታይለት ጠይቂ፤ ሴሊያክ ካለባቸው ጥቂቶቹ ይህ አይጂኤ የሚባለው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ከተፈጥሮ ስለሚያንሳቸው ውጤቱ በሐሰት ነጻ ይላል። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ «ይህ ምርመራ እዚህ የለም» ብሎ ሊመልስሽ ይችላል፤ የሐኪሙን ወረቀት ይዘሽ ትልልቆቹን የግል ላቦራቶሪዎች አዲስ አበባ ጠይቂ። ደም ማነስም ካለበት ንገሪያቸው። የእኔ ልጅ የብረት ሽሮፕ ጠጥታ ጠጥታ ደሟ አልሞላም ነበር፤ ለካ አንጀቷ ብረቱንም አይቀበልም። የብረት እጥረት የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ በዚያ ቁጥር ብቻ ኢንሱሊን እንዳይጨምሩበት።

3. ከታወቀ በኋላ መድኃኒቱ ምግቡ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ እኔም ጤፍ ካለ ምን ጭንቅ አለ ብዬ ነበር። ጭንቁ ወፍጮ ቤት ነበር። ጤፌን አበጥሬ፣ ነፍቼ ወሰድኩ። ከፊቴ የነበሩት ሴትዮ ገብስ አስፈጭተው ሲወጡ በአፈሳሹ ጨርቅ ላይ ዱቄቱ ተጋግሮ ቀርቷል፤ የእኔ ጤፍ በዚያው ላይ ሊወርድ ነው። ፈጪው ጨርቁን በእጁ ጠፍ ጠፍ አደረገና «ጸድቷል፣ አፍስሺ» አለኝ። አላፈሰስኩም። ሰልፉ ሁሉ ሳቀብኝ። አሁን ጤፍ ብቻ የሚፈጭበትን ወፍጮ ፈልጌ፣ ከከተማው ዳር ድረስ በባጃጅ እሄዳለሁ፤ ፈጪው ስመጣ ያውቀኛል፣ ከአንድም ሁለት እናቶች በእኔ ምክንያት እዚያው ይመጣሉ።

እርሾሽንም ድፊው። ከቅይጥ ሊጥ የመጣ እርሾ ገብሱን ይዞ ይዞራል፤ ከንጹሕ ጤፍ አዲስ እርሾ አውጪ። ቡሃቃውን ለዩ፣ የዳቦ መጋገሪያውን ከእንጀራው ምጣድ ለዩ። የሱቅ እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ እንዳልተቀላቀለበት ማረጋገጫ የለሽም፤ ሻጯ «ንጹሕ ጤፍ» ብትልሽም አትመኛት። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ቆጮ፣ ድንች ችግር የለባቸውም፤ ግን ሩዝና ድንች ስኳሩን በፍጥነት ያወጡታል፣ ለክተሽ ስጪ። ትምህርት ቤቱንም አስጠንቅቂ። የልጄ አስተማሪ ስኳሯ ሲወርድ የስንዴ ብስኩት ትሰጣት ነበር፤ ስኳር በውኃ ወይም ጭማቂ በቦርሳው ይኑር።

ሌላው ማንም ያልነገረኝ፦ አንጀቱ ሲድን ምግቡ በደንብ መግባት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የኢንሱሊን ፍላጎቱ ከፍ ሊል ይችላል። እኛ አመጋገቡ ተሳካ ብለን ስንደሰት ስኳሯ ሲወጣ ደነገጥን። አትደንግጪ፤ ደብተሩን ይዘሽ ለሐኪሙ አሳዪ፣ መጠኑን እሱ ያስተካክል። ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዘው ቀን ደግሞ «አልበላም» ብለሽ ኢንሱሊኑን ፈጽሞ አታቋርጪ። መጠኑን ሐኪም ይቀንስ እንጂ፣ ጨርሶ ከቆመ ደሙ ውስጥ ኪቶን የሚባል አሲድ ተጠራቅሞ ለሕይወቱ ያሰጋል።

(ከላይ ስኳር ስላለባትና ተቅማጥ ስለሚያስቸግራት እናቷ የጠየቀችው እህት፦ የአንቺ ጉዳይ ሌላ ነው። ዓይነት ሁለት ሆኖ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የምትወስድ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኪኒኑ ነው። ከምግብ ጋር መውሰድ ወይም ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት መቀየር ብዙ ሰው ይረዳል፤ ሐኪሟን ጠይቂ።)

ልጅሽ ከተገኘበት እናንተም ወላጆቹ፣ እህት ወንድሞቹም ተመርመሩ፤ የቅርብ ቤተሰብ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ሊኖርበት ይችላል፣ ሆድ ሳያሳምም የሚቀመጥም አለ። እኔና ታናሿ ተመርምረን ነጻ ነን፤ ያም የገብስ እንጀራ ሳናቆም ነው። ባለቤቴ ግን «እኔ ምንም አልሆንኩ፣ ጠላዬን አትንኩብኝ» ብሎ እስከ ዛሬ ደም አልሰጠም።